ለሁለት ሰዓት ሙዚቃ የሁለት ቀን መንገድ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ለወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት። የደጋገምኩትን ብቻ አውጥቻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። በሩን ክፈቱት፣ ንፋስ ይግባ። ከኋላ ያላችሁ ልጆች ጠጋ በሉ፤ ማይክ አልያዝኩም።

ብዙዎቻችሁ በሥራዬ ታውቁኛላችሁ። ሞንታርቦ እጠግናለሁ። ሰርግና ምርቃት ላይ ድምፅ እሠራለሁ። ዛሬ የጠራችሁኝ ግን ስለ ጥገና እንዳወራ አይደለም። "ጋሼ፣ ለአንድ ኮንሰርት ብለህ ደቡብ አፍሪካ ሄደሃል የሚሉት እውነት ነው?" ብሎ አንድ ልጅ ሱቄ መጥቶ ጠየቀኝ። እውነት ነው። ሄጃለሁ። ለምን እንደሄድኩ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ልነግረው አልቻልኩም። እዚህ የመጣሁት ያንን መልስ ይዤ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከካሴት ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ሁሌም የሆነ ነገር ይዞ ይገባል። ብስኩት፣ ሽርጥ፣ የሬዲዮ ባትሪ። አንድ ቀን ካሴት አመጣልኝ። ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ከሩቅ የሚመጣ የኦርጋን ድምፅ አለ። ቀስ እያለ ይቀርባል። ባቡር በሺኒሌ በኩል ሲመጣ ገና ሳይታይ ሐዲዱ የሚያሰማውን ድምፅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንደሱ ነው። ከዚያ ጊታሩ ይገባል፣ እየተንጠባጠበ። ድምፃዊው እስኪጀምር ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ሳይዘፍን የሚቆይ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ካሴቱ እስኪላላ ሰማሁት። ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ሰማሁት።

የባንዱን ስም ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ዩቱ ይባላሉ፣ አይሪሾች ናቸው። አልበሙ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ዘ ጆሹዋ ትሪ ነው። የዚያ የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ "ጎዳናዎቹ ስም የሌላቸው ቦታ" እንደማለት ነው። እኔ ደግሞ ያደግኩት ገንደ ቆሬ ነው። ስም ባለው ጎዳና ቤት ጠቁመን አናውቅም። "ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊው በር" ነው የምንለው። ርዕሱ የእኛን ሰፈር የሚያወራ መሰለኝ።

በኋላ ሳነብ ክው አልኩ። ድምፃዊው ቦኖ የግጥሙን ሐሳብ ያገኘው ኢትዮጵያ መጥቶ ሳለ ነው።

ይህን በደንብ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግማሹን ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የሚባሉ ሙዚቀኞች ላይቭ ኤይድ የሚባለውን ኮንሰርት አዘጋጁ። ቀኑ ሐምሌ 6 ነበር። ለንደን ዌምብሌይ 72 ሺህ ያህል ሰው፣ ፊላደልፊያ ደግሞ ወደ 90 ሺህ ሰው በአንድ ቀን ቆመ። ዛንዚባር የተወለደው ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ ከባንዱ ከኩዊን ጋር የዌምብሌይን ስታዲየም በ20 ደቂቃ ገደማ እጁ ውስጥ ያስገባው ያን ቀን ነው። ዩቱም እዚያው መድረክ ላይ ነበሩ። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ሌላው ወደየቤቱ ገባ። ቦኖና ባለቤቱ ግን ወሎ፣ አጅባር መጥተው መጠለያ ጣቢያ ውስጥ አንድ ወር ያህል በበጎ ፈቃድ ሠሩ። ዘፈኑ የመጣው ከዚያ ነው።

እኔ ስለ ላይቭ ኤይድ ሁለት ስሜት አለኝ። ሁለቱንም እላለሁ። ትኬት ገዝቶ ፀሐይ ላይ የዋለው የሮክ አድማጭ ለእኛ ሰው ነው የዋለው፤ ክብር አለኝ። በሌላ በኩል በለንደኑም በፊላደልፊያውም መድረክ የኢትዮጵያ ባንድ አልነበረም። የተራበ ፊታችን ታየ፣ ሙዚቃችን አልተሰማም። ይኼ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል። ያን ጊዜ እነ ሮሃ ባንድ አዲስ አበባ ውስጥ ይጫወቱ ነበር እኮ!

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዞዬ ልመለስ።

19 ዓመቴ ነበር። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ሊከበር ነው ተባለ። ሬጌ ነው፣ ሮክ አይደለም። ግን ከትልቅ መድረክ ፊት ቆሜ ስለማላውቅ ለእኔ ልዩነት አልነበረውም። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። ደንገጎን ስንወጣ ገና ጨለማ ነው። ቁልቢ ላይ ብርዱ ገባን። ሂርና፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሚኤሶ። አዋሽ ላይ ጎማ ፈነዳ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ዋልን።

እኛ የድሬ ልጆች መንገድን ማንም አያስተምረንም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሰው ከአገሩ ሁሉ ወደ ቁልቢ ሲተም እያየን ነው ያደግነው። በእግሩ የሚሄደውን ውሃ እያጠጣን። ሙዚቃን ከስለት ጋር አላወዳድርም፣ ማንም እንዳይቀየመኝ። ግን ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ሩቅ መንገድ የመጣ ሰው ሲደርስ ዝም ብሎ አይቆምም። በዓይኑም በጆሮውም ይጠጣል። የደከመበት ነገር ነዋ።

መስቀል አደባባይ ስንደርስ ሰው መሬቱን አልብሶታል። ከመድረኩ በጣም ርቀን ቆምን። የማርሌ ልጆች፣ ሪታ ማርሌ፣ እነ ዩሱ ንዱር፣ እነ አንጀሊክ ኪጆ ነበሩ። እኔ ግን ዓይኔ ከድራመሩ ላይ አልተነሳም። ትልቁ ስክሪን ላይ እያየሁት ዱላው ይወርዳል፤ ድምፁ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የሚደርሰኝ። ሞኝ ነገር መስሎኝ ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። ሥራዬን የወሰነው ግን እሱ ነው። ለምን እንደሚዘገይ ማወቅ ነበረብኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። መቶ ሜትር ርቀህ ከቆምክ ወደ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ይዘገይብሃል። ሁለት መቶ ከሆነ እጥፍ። ለዚህ ነው ትልልቅ ኮንሰርት ላይ ሜዳው መሐል ሌላ የስፒከር ማማ የሚተከለው። ማማው ላይ ያለው ድምፅ ሆን ተብሎ ይዘገያል፤ ከመድረኩ ከሚመጣው ጋር እኩል እንዲደርስ። ካልዘገየ አንድ ከበሮ ሁለት ሆኖ ይሰማሃል። ደግሞ አየሩ ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል። 35 ዲግሪ ላይ ከ350 ሜትር ያልፋል። የድሬ ድምፅ ሠራተኛ ይህን ማወቅ አለበት። ፀሐይ ላይ ያስተካከልከው ማታ ሲቀዘቅዝ ቦታውን ይለቃል።

ከዚያ በኋላ የሄድኩባቸውን አልቆጥርም። ጃኖ ባንድን ለማየት ግን አዲስ አበባ ድረስ መሄዴን አልረሳውም። ኤርታሌ የተባለው አልበማቸው ሲወጣ ገና ነው። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ባሲስት ቢል ላስዌል ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ሮክ ማለት የውጭ ቋንቋ ነበር። አምባሰልና ትዝታ በምናውቀው ጆሮ ዲስቶርሽን ጊታር ሲገባበት፣ ግጥሙን ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ስሰማ፣ ቆሜ ያለሁበትን ረሳሁ። ከጎኔ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ። ልጃቸው ይዟቸው መጥቶ ነው። እሳቸውም ያጨበጭባሉ።

እሺ፣ ጆሃንስበርግ።

የዕቁብ ዕጣ ወጣልኝ። ሱቁን ላሰፋበት ነበር ያሰብኩት። በዚያው ሳምንት ዩቱ አፍሪካ ሊመጡ ነው የሚል ሰማሁ። የካቲት 6 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ሶከር ሲቲ ስታዲየም። አባቴን አማከርኩት። "ያ ያመጣሁልህ ካሴት ናቸው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ!" አለ። በቃ። ቪዛ፣ ቲኬት፣ ጀፒ ሰፈር ሱቅ ያለው የድሬ ልጅ ቤት ማደሪያ። ድሬ ልጅ የሌለበት አገር የለም መቼም። ፍራሽ አንጥፎልኝ፣ እራት አብልቶኝ፣ እስከ ስታዲየሙ ሸኘኝ።

መድረኩን ሳይ ሥራዬን ለአንድ አፍታ ተጠራጠርኩት። ሜዳው መሐል አራት እግር ያለው ነገር ቆሟል። ቁመቱ ወደ 50 ሜትር ነው። ስፒከሮቹ ሁሉ የተንጠለጠሉት እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ባንዱ ፊቱን የሚያዞርበት ግድግዳ የለም፤ ሰው ዙሪያውን ከቦታል። ይህን ብረት ገጥሞ ማቆም ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ሦስት አሠርተው ነበር። አንዱ ላይ ሲጫወቱ ሌላው የሚቀጥለው ከተማ እየተገጠመ ነው። ያ የባንዱ ጉዞ 110 ኮንሰርት ነበረው። ያን ማታ ብቻ ከ94 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል።

ከጎኔ የቆመው ሰውዬ ከቡላዋዮ ሌሊቱን በአውቶቡስ ነው የመጣው። ዚምባብዌያዊ ነው። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም የተሰባበረ ነው። ከኪሴ የእናቴን ቆሎ አወጣሁ። እሱ የደረቀ ሥጋ አወጣ፤ ቋንጣ ነው በእኛ። ተካፈልን። "ስንት ሰዓት ፈጀብህ?" ተባባልን። ከባንዱ በፊት የተጠያየቅነው መንገዳችንን ነው። ኮንሰርት ለማየት የሚጓዝ ሰው ሲገናኝ ሁሌም እንደዚህ ነው።

ያ ኦርጋን ሲጀምር እግሬ ከዳኝ። ያው ድምፅ ነው፤ በሺኒሌ በኩል የሚመጣው። ግን አሁን ከቴፕ አይደለም። ቤዙ ደረቴ ውስጥ ነው። ስልኬን አወጣሁና አባቴ ጋ ደወልኩ። አነሳ። ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። "አባዬ ስማው! ስማው!" እላለሁ። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው እንዲህ ይላል፦ "ሄሎ? ሄሎ? ንፋስ ነው እንዴ?"

እሱ ጋ የደረሰው ንፋስ ብቻ ነው።

"ስልካችን ውስጥ ሁሉም አለ፣ ለምን እንለፋ?" ለምትሉኝ ይኸው መልሴ። ስልኩ ውስጥ ያለው ዘፈኑ ነው። ደረትህን የሚመታው፣ ከቡላዋዮ የመጣው ሰውዬ፣ 94 ሺህ ሰው አንድ መስመር አብሮ ሲል የሚነሳው ትንፋሽ ግን በስልክ አይመጣም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

ባንድ ተከትሎ መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግሬትፉል ዴድ የሚባል ባንድ ነበር፣ ከ1965 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሺህ በላይ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል። የዘፈኑን ቅደም ተከተል በየማታው ይቀያይሩት ነበር። ስለዚህ ሰዉ ከከተማ ከተማ አብሯቸው ይዞራል፤ የዛሬው ከትላንቱ አይመሳሰልማ። ባንዱ ደግሞ ኮንሰርቱን በቴፕ ቅዱ ብሎ ፈቀደ። ከ1984 ጀምሮ ለሚቀዱ ሰዎች የራሳቸው ቦታ ተሰጣቸው። ካሴቱን በነፃ ይለዋወጣሉ እንጂ አይሸጡም። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ካሴት እያስገለበጠ ላደገ ሰው ይህ ወሬ እንዴት እንደሚጥም አትጠይቁኝ።

ማሊ ውስጥም ነበር። በሰሜኑ በረሃ አሸዋ ላይ፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የበረሃ ፌስቲቫል ይደረግ ነበር። ቲናሪዌን የተባሉት የቱዋሬግ ጊታሪስቶች ናቸው ዋናዎቹ። በ2003 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን ድምፃዊ ሮበርት ፕላንት እዚያ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። ግመል በጎን ይቆማል፣ አምፕሊፋየሩ በጄኔሬተር ይሠራል። ጦርነት መጥቶ በ2012 ቆመ። የዚያን ፎቶ ሳይ ወንዛችን ደቻቱ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ውሃ በሌለበት ወራት ያ ሰፊ አሸዋ። አቦ፣ እኛ ምን ያንሰናል? (ጎርፉን አልረሳሁም። ቦታው ደቻቱ ይሁን አላልኩም። አሸዋ ሌላም ጋ አለ።)

እኛ ከተማ እኮ በባንድ እንግዳ አይደለችም። አፍረን ቀሎ የተመሠረተው እዚህ ነው፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ። በአፋን ኦሮሞ መዝፈን በማይወደድበት ዘመን ወጣቶች ተሰብስበው ሰርግ ላይ ይጫወቱ ነበር። አሊ ቢራ ልጅ ሆኖ የገባው እነሱ ጋ ነው። "ቢራ" የሚለውን ስም ያገኘው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ያን ጊዜ እነሱን ለመስማት ሰው ከገጠር ተነስቶ ሰርግ ቤት ይመጣ ነበር ብለው ትልልቆቹ ነግረውኛል። ሰርጉን ሳይሆን ባንዱን ብሎ። እኔ ለጃኖ አዲስ አበባ እንደሄድኩት ማለት ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ሳልናገር አልወርድም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 12 ሆነን አዲስ አበባ ለአንድ ኮንሰርት ሄድን። ትኬት ቀድመን ገዝተናል። አዳማ ላይ ምሳ እየበላን ስልክ ተደወለ። ተሰርዟል። መሰረዙ አይደለም ያናደደኝ። ሊያጋጥም ይችላል፤ ፈቃድ ይቀራል፣ ዕቃ አይገባም፣ ዝናብ ይጥላል፣ ሰው ይታመማል። ያናደደኝ አዘጋጁ ከዋዜማው ጀምሮ እያወቀ ዝም ማለቱ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ከደሴ የመጣች ልጅ በእጇ የጻፈችውን ካርቶን ይዛ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሌሊቱን ስትጓዝ ነው ያደረችው። የሚያናግራት አንድ ሰው የለም። ዘበኛው ራሱ አያውቅም። የትኬቱ ገንዘብ እስከዛሬ አልተመለሰም። ከእናንተ መሐል ነገ ኮንሰርት የምታዘጋጁ ትኖራላችሁ። አድማጫችሁ የሰፈር ሰው ብቻ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣው አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የሚነሳው። የምትነግሩት ነገር ካለ ከዚያ በፊት ንገሩት።

ስለ ጆሮም ልበል፤ ይኼ ሙያዬ ነው። የግራ ጆሮዬ ማታ ማታ ይጮህብኛል። ከዓመታት በፊት አንድ ምሽት ሙሉ ስፒከር ሥር ቆሜ ያመጣሁት ነው። አልተሻለኝም፤ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የኮንሰርት ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ማንም መሣሪያ ይዞ አይለካላችሁም። ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ትንሽ ስፖንጅ ነገር ናት። ዘፈኑን አትሰርቅባችሁም፣ ጩኸቱን ነው የምትቀንሰው። ለትንንሽ ወንድሞቻችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ ግዙላቸው።

አንድ እጅ አያለሁ። አንቺ፣ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረግሽው።

(ልጅቷ "ሴት ልጅ ብቻዋን ብትሄድስ? ቤተሰብም አይፈቅድም፣ ግፊያውም አለ" አለች።)

ጥሩ ጠየቅሽ። ቤተሰብሽ አይፈቅድም ያልሽውን እኔ አልሽረውም። ታናሽ እህቴ መጀመሪያ የሄደችው ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ነው። ማደሪያውን ቀድመን ያዝን። የታክሲውን ታርጋ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ፊት ለፊት፣ መድረኩ ሥር አትቆምም፤ ግፊያው እዚያ ነው። ሚክሰሩ ጋ ነው የምትቆመው። ሜዳው መሐል ላይ አጥር ያለው፣ መብራት ያለው፣ ሠራተኛ የማይለየው ቦታ አለ፤ የድምፅ ሰውየው እዚያ ነው ያለው። አንድ ነገር ቢያጋጥምሽ የምትጠሪው ሰው አለ። ሌላም ጥቅም አለው። ሰውየው ድምፁን የሚያስተካክለው በራሱ ጆሮ ነው። ስለዚህ ከሜዳው ሁሉ ጥሩ ድምፅ ያለው እሱ የቆመበት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ፊት ለመድረስ ይጋፋል፣ ቤዙ ብቻ ይደርሰዋል። እህቴ ከእኔ የተሻለ ሰምታ ነው የምትመለሰው።

አባቴ አሁን አርጅቷል። ጡረታ ወጥቷል። ሩቅ መሄድ አይችልም። ባለፈው ሳቢያን አንድ የልጆች ባንድ ሲጫወት ይዤው ሄድኩ። ሚክሰሩ ጋ ወንበር አስቀመጥኩለት። ቤዙ ሲገባ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ይኼ ነበር እንዴ?" አለኝ። "ይኼ ነበር" አልኩት።

የሚቀጥለው ጉዞ እንግዲህ ሲቆረጥ እነግራችኋለሁ። የምትመጡ ስማችሁን ሱቄ መጥታችሁ አስመዝግቡ። መገናኛችን ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ሌሊት 10 ተኩል። ውሃ ያዙ። ጃኬትም ያዙ፤ ቁልቢ ላይ ይበርዳል። ሰማያዊ ሻርፕ ያደረግሽው፣ ከእናትሽ ጋር ነይ፤ ከፈለገች እሷም ትምጣ። ወንበር አለ።